ፕሬዝዳንት ለማውረድ ለምን ሁለት ሦስተኛ ድምፅ? ግማሽ ሲደመር አንድ ለምን አይበቃም?

ኪዳን ዘሴኡል (ክሩን የከፈተ)

ሰላም የመድረኩ ሰዎች። ሰሞኑን አንድ ወንድም እዚህ «ሕዝብ የጠላውን ፕሬዝዳንት በአብላጫ ድምፅ ማውረድ ካልቻለ ፓርላማ ምን ዋጋ አለው?» ብሎ ጽፎ ነበር። በሁለት መስመር የሚመለስ ስላልሆነ ራሱን የቻለ ክር ልክፈትለት ብዬ ነው። የምኖረው ኮሪያ ስለሆነ ከዚያ ልነሳ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

የደቡብ ኮሪያ ምክር ቤት 300 ወንበር አለው። ፕሬዝዳንቱን ከሶ ከሥራ ለማገድ 200 ድምፅ ይጠይቃል። በ2024 መጨረሻ ተቃዋሚዎቹ ተደማምረው 192 ነበሩ፣ ገዢው ፓርቲ 108። ስምንት ሰው ጎደለ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ስምንት ሰው ላይ ነው።

ዲሴምበር 3 ማታ ፕሬዝዳንት ዩን ሱክ ዮል ማርሻል ሎው (ወታደራዊ አገዛዝ) አወጁ። ወታደር ወደ ምክር ቤቱ ተላከ። አፈ ጉባኤው ዉ ዎን ሺክ በር ስለተዘጋባቸው አጥር ዘለው ነው የገቡት። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ የተገኙት 190 አባላት በሙሉ አዋጁ ይነሳ ብለው ድምፅ ሰጡ። አዋጁን ለማንሳት ሕገ መንግሥቱ የሚጠይቀው ከጠቅላላው አባላት ከግማሽ በላይ ብቻ ነው። ሰውየውን ለማንሳት ግን ሁለት ሦስተኛ። በአንድ ሰነድ ውስጥ ሁለት ቁጥር አስቀመጡ፤ አደጋውን ለማስቆም ትንሹን፣ ሕዝብ የመረጠውን ሰው ለማውረድ ትልቁን። ይሄ በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም።

ዲሴምበር 7 ለክሱ ድምፅ ሲሰጥ የገዢው ፓርቲ አባላት ተያይዘው ከአዳራሹ ወጡ። አን ቾል ሱ የሚባለው አባል ብቻውን ወንበሩ ላይ ቀረ። ሌሎች ሁለት ቆይተው ተመለሱ። ተቃዋሚዎቹ የቀሩትን ሰዎች ስም አንድ በአንድ እየጠሩ ተመለሱ እያሉ ይጮኹ ነበር። አፈ ጉባኤው እስከ ምሽት 3 ሰዓት ከ20 ገደማ ጠበቁ። ድምፅ የሰጡት 195 ብቻ ስለነበሩ ኮሮጆው ሳይከፈት ክሱ ወደቀ።

በሳምንቱ ዲሴምበር 14 ግን 204 ድምፅ ወጣ። ተቃዋሚዎቹ 192 ከሆኑ ቢያንስ 12 ሰው ከፕሬዝዳንቱ ከራሳቸው ወገን ተሻግሯል ማለት ነው። ሁለት ሦስተኛ የተባለው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። በምርጫ የተሸነፈ ወገን ብቻውን ሆኖ ምርጫውን እንዳይገለብጠው ነው። ከመረጡት፣ አብረውት ከቆሙት መካከል የተወሰኑት «አዎ፣ ይሄ ሰው አጥፍቷል» ብለው እስኪመሰክሩ ድረስ ጉዳዩ የፓርቲ ጠብ ሆኖ ይቀራል። ሲመሰክሩ የአገር ጉዳይ ይሆናል።

እስቲ ሐሳባችሁን።

ጽጌ ሜሪላንድ

ኪዳን፣ ያንተ አገር ላይ ስለሠራ ነው የሚያምርብህ። እኔ ያለሁበት አልሠራም።

በ2021 ሴኔቱ ትራምፕን ሲዳኝ 57 ሴናተሮች ጥፋተኛ ነው አሉ፣ 43 አይደለም አሉ። ከራሱ ፓርቲ ሰባት ሰው ተሻገረ፣ አንተ እንዳልከው መሰከሩ። ምን ተገኘ? 67 ስለሚያስፈልግ ነፃ ወጣ። የተመሠረተበት ክስ እኮ ተራ ነገር አልነበረም፤ ሕዝብ አነሳስቶ ምክር ቤቱን አስወርሯል የሚል ነው። ዳኞቹ ራሳቸው በዚያ ቀን ለነፍሳቸው የሸሹ ሰዎች ናቸው።

ደግሞ እዚህ እያንዳንዱ ግዛት ትንሽም ይሁን ትልቅ ሁለት ሴናተር ነው ያለው። 34 ሴናተር እምቢ ካለ አለቀ። 34 ሴናተር ማለት የ17 ግዛት ሰው ነው፣ እነዚያ 17ቱ ደግሞ ሕዝባቸው በጣም ጥቂት የሆኑት ሊሆኑ ይችላሉ። ጥቂቶች ብዙኃኑን የሚያስሩበት ገመድ ነው እንጂ የምትለው የአገር ምስክርነት አይደለም። አንድሩ ጆንሰን፣ ክሊንተን፣ ትራምፕ ሁለት ጊዜ። ሴኔቱ አራት ጊዜ ዳኝቶ አራቱንም ጊዜ አላወረደም። ይሄ በር ነው ወይስ ግድግዳ? በጣም ነው የሚያናድደኝ።

የአራት ኪሎ ጠበቃ

እህቴ ጽጌ፣ ንዴትሽ ይገባኛል። ግን ጆንሰንን ስላነሳሽው እዚያ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም ለዚህ ጥያቄ ከሱ የተሻለ ፈተና አላውቅም።

ሊንከን በ1865 ሲገደል ምክትሉ ጆንሰን ፕሬዝዳንት ሆነ። ከኮንግረሱ ጋር ዓይንና ናጫ ነበሩ። በ1867 ኮንግረሱ «ያለ ሴኔት ፈቃድ ሚኒስትር ማባረር አትችልም» የሚል ሕግ አወጣበት። ጆንሰን በ1868 ፌብሩዋሪ 21 የጦር ሚኒስትሩን ስታንተንን አባረረ። ስታንተን አልወጣም ብሎ ቢሮው ውስጥ በር ዘግቶ ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን የተወካዮች ምክር ቤት ጆንሰንን ከሰሰው።

ሴኔቱ ያኔ 54 ሰው ነው። ሁለት ሦስተኛው 36። ድምፁ 35 ለ 19 ወጣ። በአንድ ሰው ዳነ። በግማሽ ሲደመር አንድ ቢሆን ያለምንም ጥርጥር ወርዶ ነበር።

በምን ጥፋት? የገዛ ሚኒስትሩን በማባረር። ያ ሕግ ራሱ ቆይቶ ተሽሯል፤ በ1926 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንቱን እንዲህ ማሰር ከመጀመሪያውም ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደማይሄድ ተናግሯል። ሌላም አለ። ያኔ ምክትል ፕሬዝዳንት ስላልነበረ ጆንሰን ቢወርድ ቦታውን የሚይዘው የሴኔቱ ጊዜያዊ ሰብሳቢ ቤንጃሚን ዌድ ነበር። ዌድ ከዳኞቹ አንዱ ነው። ድምፅ ሰጠ፣ ጥፋተኛ ነው ብሎ። ወንበሩን የሚወርሰው ሰው ችሎት ላይ ተቀምጦ ሲፈርድ አስቢው። እንዲህ ዓይነት ችሎት ላይ ግማሽ ሲደመር አንድ ብቻ በቂ ቢሆን ኖሮ ከዚያ በኋላ የመጣ ፕሬዝዳንት ሁሉ ከኮንግረሱ ጋር በተጣላ ቁጥር ሻንጣውን ያዘጋጅ ነበር።

ጽጌ ሜሪላንድ

ጠበቃው፣ አንድ ነገር ዘለልክ። ጆንሰን ማን ነበር? ከባርነት የወጡ ጥቁሮች መብት እንዳያገኙ የታገለ ሰው ነው። የ1866ቱን የዜጎች መብት ሕግ አልፈርምም ብሎ መልሶታል። ከባርነት ለወጡት ዜግነት የሰጠውን የሕገ መንግሥቱን 14ኛ ማሻሻያ ተቃውሟል። በአንድ ድምፅ ዳነ ስትል እኔ የሚታየኝ ያ ድምፅ የማንን ሸክም እንዳከበደ ነው። እዚህ አገር ጥቁር ልጆች እያሳደግኩ ይሄን ታሪክ እንደ ድል ልሰማው አልችልም።

የአራት ኪሎ ጠበቃ

ትክክል ብለሻል፣ ክፉ ፕሬዝዳንት ነበር። አልሸፍነውም። ግን የ1866ቱ ሕግ መጨረሻው ምን ሆነ? ኮንግረሱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ የሱን እምቢታ ሽሮ አጸደቀው። 14ኛው ማሻሻያም እሱ ሥልጣን ላይ እያለ በ1868 ጸደቀ። ማለትም እሱን ለማሸነፍ የሚበቃ ሁለት ሦስተኛ በሕግ አወጣጥ ላይ ነበራቸው፣ ያውም ደጋግመው ተጠቅመውበታል። ለማውረድ ሲሉ ግን ከራሳቸው ሰባት ሪፐብሊካን ሴናተሮች አፈነገጡ። «ፖሊሲው መጥፎ ነው» እና «ከሥልጣን የሚያስወርድ ወንጀል ሠርቷል» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ፍርዶች ናቸው። ቁጥሩ ከፍ ያለው ሰው ሁለተኛውን ጥያቄ ለብቻው እንዲጠይቅ ለማስገደድ ነው።

በ1787 ፊላደልፊያ ሕገ መንግሥቱን ሲያረቁም የተጨቃጨቁት በዚሁ ነው። ጆርጅ ሜሰን «የአስተዳደር ብልሹነት» የሚል የክስ ምክንያት ይጨመር አለ። ማዲሰን ቃሉ ልቅ ስለሆነ ፕሬዝዳንቱን ሴኔቱ ደስ እስካለው ድረስ ብቻ የሚቀመጥ ሎሌ ያደርገዋል ብሎ ተቃወመ። ከዚያ ነው አሁን ያለው «ከባድ ወንጀሎችና ጥፋቶች» የሚለው የገባው።

ደረጀ አዳማ

አንድ የማይገባኝ ነገር አለ። እንግሊዝ አገር ጠቅላይ ሚኒስትር በግማሽ ሲደመር አንድ ይወርዳል። ማንም አገሪቱ ፈረሰች አላለም። ታዲያ ፕሬዝዳንት ምን ስለሆነ ነው ይሄ ሁሉ ጥበቃ?

ኪዳን ዘሴኡል

ደረጀ፣ ጥሩ ጥያቄ። ጠቅላይ ሚኒስትሩን ወንበር ላይ ያስቀመጠው ፓርላማው ነው። በአብላጫ ድምፅ ሰጠው፣ በአብላጫ ድምፅ ይነሳዋል። ፕሬዝዳንት ግን ኮሪያ፣ አሜሪካ፣ ብራዚል ላይ ከፓርላማው ውጪ በራሱ ምርጫ ነው የመጣው። ፓርላማው ያልሰጠውን ነው የሚነጥቀው። ስለዚህ የሚነጥቅበት ጉልበት ከተራ አብላጫ በላይ መሆን አለበት።

ደቡብ አፍሪካን እይ። እዚያ ፕሬዝዳንቱ ርዕሰ ብሔርም ነው ርዕሰ መንግሥትም ነው፣ ግን የሚመርጠው ፓርላማው ነው። ሁለት መንገድ አላቸው። በፖለቲካ አንፈልግህም ለማለት አብላጫ ድምፅ ይበቃል። ሕገ መንግሥት ጥሰሃል ወይም ከባድ ጥፋት ሠርተሃል ብሎ ለማውረድ ሁለት ሦስተኛ። በሁለተኛው የወረደ ሰው የፕሬዝዳንት ጥቅማ ጥቅሙንም ሊያጣ ይችላል።

ሰሎሜ አሽዶድ

ኪዳን፣ «የሰጠ ይነሳል» የምትለው ነገር እኛ ጋ አይሠራም። እስራኤል ውስጥ ፕሬዝዳንቱን የሚመርጠው ፓርላማው፣ ክኔሴት ነው፣ ከ120ው 61 ይበቃዋል። ለማውረድ ግን 90 ነው የሚጠየቀው። ሦስት አራተኛ! ጠቅላይ ሚኒስትሩን ደግሞ፣ ሥልጣኑ ሁሉ ያለው እሱ ጋ ሆኖ፣ 61 ሰው በሌላ ጠቅላይ ሚኒስትር ከተስማማ ያወርደዋል። ሥልጣን የሌለው በ90፣ ሥልጣን ያለው በ61።

እኔ እንደሚገባኝ ፕሬዝዳንቱ የሁሉም ምልክት እንዲሆን ነው የተፈለገው። የሰባት ዓመት አንድ ዘመን ብቻ ነው ያለው። ጥምር መንግሥት እዚህ ቶሎ ቶሎ ይፈርሳል፤ በፈረሰ ቁጥር ፕሬዝዳንቱም ቢቀየር ምልክትነቱ የት አለ?

ግን ችግሩንም ኖረንበታል። ሞሼ ካትሳቭ በአስገድዶ መድፈር ሲጠረጠር በ2007 መጀመሪያ ላይ በፈቃዴ ለጊዜው ከሥራ ልራቅ ብሎ ጠየቀና ተፈቀደለት። እናውርደው ያሉት አባላት ቁጥሩ አልሞላላቸውም። ዘመኑ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ራሱ ለቀቀ። በኋላ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎት 7 ዓመት ተፈረደበት። የከሰሱት ሴቶች በነዚያ ወራት «ክቡር ፕሬዝዳንት» እየተባለ ሲጠራ ይሰሙ ነበር። 90 የሚለውን ቁጥር በጥሩ ጎኑ ብቻ የሚያወራ ሰው ይሄን ይርሳው ማለት አልችልም።

ደረጀ አዳማ

ሰሎሜ አመሰግናለሁ፣ ይሄን አላውቅም ነበር። የኛ አገርስ? ፕሬዝዳንቱ በሁለት ሦስተኛ እንደሚመረጥ ብቻ ነው የማውቀው።

የአራት ኪሎ ጠበቃ

አዎ፣ አንቀጽ 70። የተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት በጋራ ተቀምጠው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው የሚመርጡት፣ ዘመኑ ስድስት ዓመት። የኛዎቹ ከፍ ያለውን ቁጥር መግቢያው ላይ አስቀመጡት፣ እስራኤሎች መውጫው ላይ። ግን አስፈጻሚው ሥልጣን በጠቅላይ ሚኒስትሩ እጅ ስለሆነ የዚህ ክር ክርክር በቀጥታ አይመለከተንም፣ ባንቀላቅለው።

የናይሮቢው እንግዳ

ቅርባችን ያለችውን ኬንያን አትርሱ እንጂ። በ2024 ኦክቶበር ምክትል ፕሬዝዳንቱን ጋቻጓን ያወረዱበት ሥርዓት ለፕሬዝዳንቱ ከተጻፈው ጋር አንድ ነው። መጀመሪያ የብሔራዊ ምክር ቤቱ ሁለት ሦስተኛ፣ ቀጥሎ የሴኔቱ ሁለት ሦስተኛ። 11 ክስ ነበር የቀረበበት፣ ሴኔቱ አንድ በአንድ ድምፅ ሰጥቶ አምስቱን ብቻ ነው ያጸደቀው። ሊመሰክር በነበረበት ቀን ሆስፒታል ገባ፣ እነሱም ሳይጠብቁት ቀጠሉ። እዚህ ብዙ ሰው ያንን አልወደደውም። ቁጥሩ ሞልቷል፣ ግን ሰውየው ሳይሰማ ነው የሞላው።

ያሬድ 87

እኔ ደግሞ ከሁላችሁም የተለየ ሐሳብ አለኝ። ቁጥሩ ላይ ብዙ ታከብዳላችሁ። ፔሩን እዩ።

ከ2018 እስከ 2025 የፔሩ ኮንግረስ 130 ሰው ነበር፣ ፕሬዝዳንት ለማውረድ 87 ድምፅ ይጠይቅ ነበር። ሁለት ሦስተኛ ነው፣ ከኮሪያ ጋር እኩል። ፕሬዝዳንት ኩቺንስኪ በ2018 ሊያወርዱት ሲሉ ቀድሞ ለቀቀ። ቪዝካራን በ2020 ኖቬምበር በ105 ድምፅ አወረዱት። ካስቲዮን በ2022 በ101፣ እሱ እንኳ በዚያው ቀን ኮንግረሱን በትኛለሁ ብሎ ስለነበር የራሱ ሥራ ነው። ቦሉዋርቴን በ2025 ኦክቶበር። ሁለት ሦስተኛው ማንን አዳነ?

ምክንያቱም ሕገ መንግሥታቸው ላይ «ዘላቂ የሞራል ብቃት ማጣት» የሚል ሐረግ አለ። ይሄ ምን ማለት ነው? ኮንግረሱ ነው ያለው ሁሉ ነው። ጠበቃው የጠቀሰው የማዲሰን ፍርሃት በትክክል ፔሩ ላይ ደርሷል። ቪዝካራ ሲወርድ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፣ ሁለት ወጣቶች ተገደሉ፣ የተተካው ሜሪኖ ሳምንት ሳይሞላው ለቀቀ። ቁጥሩ ከፍ ብሎ ምክንያቱ ልቅ ከሆነ በሩ ክፍት ነው።

ኪዳን ዘሴኡል

ያሬድ፣ እዚህ ላይ አልከራከርህም፣ ግን አንድ ነገር ልጨምርልህ። ቪዝካራ በዚያ ኮንግረስ ውስጥ የራሱ የፓርቲ አባል አልነበረውም። አንድም። ስለዚህ 105 ሰው ሲያወርደው ከራሱ ወገን የተሻገረ የለም፣ የሚሻገር ወገንም የለውም። ሁለት ሦስተኛ የሚሠራው ፕሬዝዳንቱ ፓርላማ ውስጥ ወገን ሲኖረው ነው። ፓርቲዎቹ ብን ብን ባሉበት አገር ቁጥሩ ባዶ ቁጥር ይሆናል።

ለዚህ ነው ኮሪያዎች ምክር ቤቱ ላይ ብቻ ያላቆሙት። በ2004 ፕሬዝዳንት ሮ ሙ ህዩንን 193 ለ 2 ከሰሷቸው። ቁጥሩ ሞልቶ ተርፏል። ጥፋታቸው ግን በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ አንድን ፓርቲ የሚደግፍ ነገር መናገራቸው ነበር። ሕዝቡ ተቆጣ፣ በወሩ በተደረገው ምርጫ የሮ ደጋፊ ፓርቲ ከ299 ወንበር 152 አገኘ። ከዚያ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ሕግ ተጥሷል፣ ግን ከሥልጣን የሚያስወርድ ክብደት የለውም ብሎ መለሳቸው። ከዘጠኙ ዳኞች ስድስቱ ካልተስማሙ ፕሬዝዳንት አይወርድም። ዩንን ግን በ2025 አፕሪል 4 የነበሩት ስምንቱም ዳኞች በአንድ ድምፅ አሰናበቷቸው።

ቁጥሩ ራሱ ጠብ ያስነሳበት ጊዜም አለ። ዩን ከታገዱ በኋላ ተጠባባቂ የሆኑትን ጠቅላይ ሚኒስትር ሃን ዶክ ሱን ምክር ቤቱ በ192 ድምፅ ከሰሳቸው። ለሚኒስትር 151 ይበቃል፣ ለፕሬዝዳንት 200 ነው። ተጠባባቂ ፕሬዝዳንትስ? አፈ ጉባኤው 151 ይበቃል አሉ፣ ገዢው ፓርቲ ወደ አፈ ጉባኤው መድረክ ሄዶ ጮኸ። ፍርድ ቤቱ በ2025 ማርች ክሱን ውድቅ አድርጎ ሃንን ቢመልስም በቁጥሩ ላይ ግን አብዛኞቹ ዳኞች 151 ልክ ነው አሉ። ምክንያታቸው ይሄው ነው፤ ሃንን ሕዝብ አልመረጣቸውም።

ጽጌ ሜሪላንድ

ያሬድም ኪዳንም የምትሉት ገብቶኛል። ቁጥሩ ብቻውን እንደማያድን ፔሩ አሳየን። እኔ የምለው ደግሞ ቁጥሩ ብቻውን ሊገድልም ይችላል ነው። ፕሬዝዳንት ኒክሰንን እያነሳችሁ እንደምትመልሱልኝ አውቃለሁ።

የአራት ኪሎ ጠበቃ

ላነሳው ነበር። በ1974 ኦገስት 7 ሴናተር ጎልድዋተርና ሌሎች የኒክሰን የራሱ ፓርቲ መሪዎች ዋይት ሐውስ ገብተው ሴኔቱ ውስጥ የቀሩልህ ድምፆች ጥቂት ናቸው አሉት። በሁለተኛው ቀን ለቀቀ። ድምፅ እንኳ አልተሰጠም። ሁለት ሦስተኛው ባይኖር ኖሮ እነዚያ ሰዎች ወደዚያ ቢሮ የሚሄዱበት ምክንያት አይኖርም ነበር፣ ተቃዋሚዎቹ ብቻቸውን ይጨርሱት ነበርና። ከዚያ በኋላ ደጋፊዎቹ «ጠላቶቹ በሉት» እያሉ ሲያለቅሱ ይኖሩ ነበር።

ጽጌ ሜሪላንድ

ጎልድዋተር በ1974 ያንን ሲያደርግ በራሱ ፓርቲ መራጮች ይባረራል ብሎ የሚፈራ አይመስለኝም። በ2021 ትራምፕን ጥፋተኛ ካሉት ከሰባቱ የተወሰኑትን ግን የየግዛታቸው ፓርቲ በይፋ አውግዟቸዋል። ልዩነቱ እዚህ ነው። ኪዳን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ያ የኮሪያ 204 ድምፅ በግልጽ ነው ወይስ በምስጢር የተሰጠው?

ኪዳን ዘሴኡል

በምስጢር። 12ቱ እነማን እንደሆኑ በስም የሚያሳይ መዝገብ የለም፣ ራሳቸው ወጥተው ከተናገሩት በስተቀር። 85 ተቃወሙ፣ 3 ድምፀ ተአቅቦ፣ 8 ዋጋ አልባ።

ጽጌ ሜሪላንድ

በቃ፣ የኔ መልስ እሱ ነው። የአሜሪካ ሴኔት ስም እየጠራ በግልጽ ነው የሚያስመርጠው። ሁለት ሦስተኛ ጠይቀህ፣ ከራስህ ወገን ተሻገር ብለህ፣ ከዚያ የሚሻገረውን ሰው በካሜራ ፊት ስሙን ጠርተህ ታቆመዋለህ። ቁጥሩን አትንኩት፣ እሺ። ድምፁን ግን ምስጢር አድርጉት።

ሰሎሜ አሽዶድ

ይሄ ጥሩ ነው። ደቡብ አፍሪካ ላይ በ2017 ፕሬዝዳንት ዙማ ላይ የቀረበው ያለመተማመን ድምፅ በምስጢር እንዲሆን ስለተፈቀደ ከራሱ ፓርቲ ከሃያ በላይ ሰው ሳይሻገር እንዳልቀረ ቁጥሩ ያሳያል፣ 177 ለ 198 ሆኖ ለጥቂት ተረፈ። ተቃዋሚዎቹ ሁሉ ተደምረው እኮ 151 ነበሩ።

የአራት ኪሎ ጠበቃ

እዚህ ላይ አልስማማም፣ ጽጌ። የመረጥኩት ሰው በአገሬ ትልቁ ፍርድ ላይ ምን እንዳለ የማወቅ መብት አለኝ። በምስጢር የሚሰጥ ድምፅ ደግሞ የሚሸጥ ድምፅ ሊሆን ይችላል፤ ገንዘብ የተቀበለውንም ህሊናውን የተከተለውንም እኩል ይሸፍናል። ብራዚል በ2016 ፕሬዝዳንቷን ዲልማን ስትከስ እያንዳንዱ አባል ማይክ ይዞ ስሙን ተናግሮ ነው 367 ድምፅ የሞላው። የሚያስፈልገው 342 ነበር። ሕዝቡ ማን ምን እንዳለ በቴሌቪዥን አየ፣ በሚቀጥለው ምርጫ ሊጠይቃቸው ይችላል።

ጽጌ ሜሪላንድ

ማይኩን ይዘው ስለ ክሱ ሳይሆን ስለ እናታቸውና ስለ ልጆቻቸው ነው ያወሩት እኮ ብዙዎቹ! ያ ፍርድ ነው ወይስ የምርጫ ቅስቀሳ? የተመሠረተባት ክስ የበጀት አያያዝ ነበር፤ ስለ በጀት የተናገረው ስንቱ ነው? መራጩ እያየህ ነው ስትለው ፖለቲከኛ ዳኛ መሆኑን ያቆማል። ነገ ከሥራ ስመለስ የኮሪያውን የምክር ቤት ደንብ ላንብብና በዚሁ ክር እቀጥላለሁ። ኪዳን፣ የምስጢር ድምፁ የሚለው አንቀጽ የቱ ጋ እንዳለ ጠቁመኝ።

ኪዳን ዘሴኡል

የምክር ቤቱ ሕግ፣ አንቀጽ 130። ክሱ ለጠቅላላ ጉባኤ ከተነገረ ከ24 ሰዓት በኋላ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ስም ሳይጻፍ ድምፅ ይሰጣል ይላል። የ72 ሰዓቱ ገደብም የራሱ ክርክር አለው፣ ስታነቢው እናወራበታለን።